መሪውን ያልለቀቁ አባቶች፦ ከሲራራ ነጋዴ እስከ ተሳቢ ሹፌር



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ የምናወጋው ስለ ጦርነት ወይም ስለ ነገሥታት አይደለም። የአንድ ሥራ ታሪክ ነው። በየሰፈራችን ስድሳ ዓመት አልፏቸው፣ ጺማቸው ነጭ ሆኖ፣ ዛሬም ከባድ መኪና የሚነዱ አባቶች አሉ። ሰው ሲያያቸው «ሥራው ስለለመደባቸው ነው፤ ቤት መቀመጥ አይችሉም» ይላል። ጥቂቶቹ እውነትም እንዲህ ናቸው። ለብዙዎቹ ግን መልሱ ሌላ ነው፤ መልሱን ለማግኘትም ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልገናል።

ከቁስቋም እንጀምር። ቁስቋም በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ በእንጦጦ ተራራ ሥር ያለ ሰፈር ነው። እዚህ ያደገ ልጅ ሸክም ምን እንደሆነ ማንም አያስተምረውም። ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ለቅመው፣ ወገባቸው እስኪጎብጥ ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ እናቶችን እያየ ነው የሚያድገው። ከእነሱ መካከል የልጅ ልጅ ያዩ አሉ። «ለምን አያርፉም?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ካረፉ ምድጃው እንደማይነድ ሁሉም ያውቃል። ከሰፈሩ ብዙ ሳይርቅ፣ በዚያው በጉለሌ በኩል፣ የጎጃም መንገድ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ ይወርዳል። ጤፍና እህል የጫነው መኪና ወደ ከተማችን ከሚገባባቸው በሮች አንዱ ይህ ነው። የእናቶቹን ሸክም በዓይናችን እናየዋለን። መሪ ጨብጦ የሚያልፈውን ሽማግሌ ግን ጋቢናው ይሸፍነዋል።

ሲራራ

መኪና ከመምጣቱ በፊት የዚህን አገር ዕቃ ከጫፍ ጫፍ ያዘዋወረው ሲራራ ነጋዴ ነው። በቅሎና አህያ ጭኖ፣ በቡድን ሆኖ፣ ወራት የሚፈጅ መንገድ ይሄዳል። ከሲራራ ነጋዴዎች መካከል ሙስሊሞች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ከጎንደር የሚነሱት ጀበርቲዎች፣ በሸዋ ንግድ ስማቸው የታወቀው ወርጂዎች፣ በይፋት አሊዩ አምባ ገበያ የከተሙት የአርጎባና የሐረር ነጋዴዎች ይጠቀሳሉ። በአስራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የጎጃሙ ባሶ ገበያ ከአባይ ማዶ የሚመጣው ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ከሰሜን ከሚመጣው አሞሌ ጨው ጋር የሚገናኝበት ነበር። ታሪክን በሐቅ ማውራት ካለብን፣ በዚያው መንገድ የሰው ልጅም ለባርነት ተነድቷል፤ ይህንንም አንደብቅም።

ነጋድራስ የሚለውን ማዕረግ ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ የነጋዴዎች አለቃ፣ የሲራራው መሪ ማለት ነበር፤ በኋላ የገበያና የቀረጥ ሹም መጠሪያ ሆነ። ከዚህ ውስጥ አንድ ነገር ልብ እንበል፦ ሲራራ ነጋዴ የሚጭነው ዕቃም ሆነ የሚጭንበት በቅሎ የራሱ ነበር። ጉልበቱ ሲደክም ንብረቱ ይቀራል። ልጁን ወይም ሎሌውን ልኮ እሱ ከቤቱ ሆኖ መነገድ ይችላል። ዕድሜው በመንገድ ላይ ቢያልቅም የመንገዱ ፍሬ በእጁ ነው።

ከበቅሎ ወደ ሞተር

የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ለአፄ ምኒልክ አመጣት። ያኔ ለመኪና የሚሆን መንገድ እምብዛም ስላልነበረ ጭነት ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ የምሥራቁን ሲራራ የነካው እሱ ነው። የሰሜኑና የምዕራቡ መንገድ ግን የበቅሎና የአህያ እንደሆነ ቆየ።

ካሚዮን በብዛት የመጣው ከጣሊያን ወረራ (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ጋር ነው። ጣሊያን ለጦሩ ስንቅ ብሎ መንገድ ቆፈረ፤ የአሰብ መንገድም የዚያን ጊዜ ሥራ ነው። የመኪና ቋንቋችን ዛሬም ምስክር ነው፦ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ጎማ፣ ጎሚስታ የምንላቸው ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ከነፃነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድር የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ መንገዱ ተጠገነ፣ አዲስም ተሠራ። ቀጥሎ የፊያት መኪኖች አገሩን ሞሉት። ኤንትሬ የምትባለዋን የማያውቅ የዚያ ዘመን ሹፌር የለም። በ1960ዎቹ መጀመሪያም አምቼ የፊያት ከባድ መኪኖችን እዚሁ አዲስ አበባ መገጣጠም ጀመረ።

ይህን ሥራ ሰው ትምህርት ቤት ገብቶ አልተማረውም። ረዳት ሆኖ ነው የተማረው። ረዳት ጎማ ይፈታል፣ ሸራ ያስራል፣ ዕቃ ላይ ያድራል። ዳገት ላይ መኪናው ሲያቅተው ታኮ ይዞ ዘሎ ጎማ ሥር ይከታል። ሌሊት ሹፌሩ እንዳይተኛ ያጫውታል። ዓመታት ከቆጠረ በኋላ ሜዳ ላይ መሪ ይሰጠዋል። ደረጃ በደረጃ ወጥቶ አምስተኛ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው፣ ተሳቢ መንዳት ቻለ ማለት ነው፤ በሰፈሩ ይከበራል፣ ሚስት ሲጠይቅም አይከለከልም ነበር።

ነገር ግን አንድ ትልቅ ነገር ተቀይሯል። ሲራራ ነጋዴ የበቅሎው ባለቤት ነበር። ሹፌሩ የመኪናው ባለቤት አይደለም። ጭነቱ የነጋዴው፣ መኪናው የባለሀብቱ፣ የእሱ ድርሻ ጉልበቱና ዓይኑ ብቻ ሆነ። ጉልበትና ዓይን ደግሞ ለልጅ አይወረሱም።

ሁለት ዓይነት ሹፌር

በደርግ ዘመን የጭነት ሥራ በመንግሥት እጅ ገባ። እንደ ናትራኮር ያሉ የመንግሥት ድርጅቶች ተቋቋሙ፤ የግል መኪኖችም «ቀጠና» በሚባል ማኅበር ታቅፈው፣ ጭነት በተራ እየተሰጣቸው፣ መንግሥት በቆረጠው ታሪፍ ሠሩ። ይህ አሠራር እስከ 1984 ዓ.ም. ቆይቶ ገበያው ተለቀቀ።

ያን ጊዜ ሁለት ሹፌሮች አንድ መንገድ ላይ አንድ ዓይነት መኪና ይዘው ይሄዱ ነበር። አንዱ የመንግሥት ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋጅ የቆመ ስለሆነ፣ ሲያረጅ የወር ገንዘብ ይጠብቀዋል። ሌላው የግለሰብ መኪና ነጂ ነው። አሰብ አብረው ያድራሉ፣ ሚሌ አንድ ትሪ ላይ ይበላሉ፤ እርጅናቸው ግን ለየቅል ነው። ለግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ቁጥሩም 715 ነው። በሁለቱ አዋጆች መካከል 48 ዓመት አለ። አንድ ሰው ረዳት ሆኖ ጀምሮ፣ ሹፌር ሆኖ፣ አርጅቶ የሚጨርስበት ዕድሜ ነው።

እስቲ እናስላው። በ1965 ዓ.ም. በ20 ዓመቱ ረዳት የሆነ ወጣት አስቡ። አዋጁ ሲወጣ 58 ዓመቱ ነው፤ 38 ዓመት ሠርቷል። የጡረታ መውጫው 60 ስለሆነ መዋጮ የሚከፍልበት ሁለት ዓመት ብቻ ቀረው። በየወሩ የሚከፈል አበል ለማግኘት ግን ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ይጠየቃል። ከአዋጁ በፊት የተነዳው ኪሎ ሜትር ሁሉ በመዝገቡ ላይ የለም። ታዲያ ይህ ሰው በ2005 ዓ.ም. ምን ያድርግ? ቁልፉን ይመልስ ወይስ ማርሽ ያስገባ?

ከእሱ ያነሱት፣ ዛሬ በስድሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያሉት፣ አዋጁ በጊዜ ደርሶላቸው ነበር። ለእነሱ ወሳኙ አሠሪው መዝግቧቸዋል ወይ የሚለው ነው። በቃል ስምምነት፣ በምልልስ እየተከፈለው ለሚሠራ ሹፌር ፔሮል የለም፤ ፔሮል ከሌለ መዋጮ የለም፤ መዋጮ ከሌለ ስሙ የትም አይገኝም።

«ለምን የራሱን መኪና አልገዛም?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። ዕቁብ ጥለው፣ ከዘመድ ተበድረው፣ በሽርክና ገዝተው ባለመኪና የሆኑ አሉ። ነገር ግን የከባድ መኪና ዋጋ በዕቁብ ብቻ የሚደፈር አይደለም። የቀረው መንገድ የባንክ ብድር ነው፤ የባንክ ብድር ደግሞ ወለድ አለው። ከወለድ የሚሸሽ ሙስሊም ሹፌር ለረጅም ዘመን ከዚህ በር ውጭ ቆሟል። በመደበኛ ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት የተከፈተው ገና በቅርብ ዘመን ነው፤ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው የመጀመሪያው ባንክ ዘምዘም ሥራ የጀመረውም በ2013 ዓ.ም. ነው። ለአባቶቻችን ዘግይቶ መጣ። በስድሳ አምስት ዓመቱ ለመኪና ግዢ ፋይናንስ ልጠይቅ የሚልን ሰው የትኛውም ባንክ በደስታ አይቀበለውም።

መንገዱ ራሱም አልቀነሰለትም። እስከ 1990 ዓ.ም. ዋናው ወደባችን አሰብ ነበር። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ያ በር ተዘጋ፤ ሁሉም ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ። ዛሬ ከወጪና ገቢ ንግዳችን ከ90 ከመቶ በላይ የሚሆነው በዚያ በኩል ያልፋል። ከአዲስ አበባ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ነው፤ አብዛኛው የአፋር በረሃ። እዚያ ሙቀት ውስጥ ጋቢና ውስጥ ማደር ለሃያ አምስት ዓመት ልጅ ጨዋታ ሊሆን ይችላል። ስኳር ወይም ደም ብዛት ላለበት ሽማግሌ ግን ሌላ ነገር ነው።

የጎጃሙ መንገድም የራሱ ፈተና አለው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን የአባይ በረሃ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከደጋ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ መልሶ መውጣት። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው አዲስ ድልድይ ተከፍቷል፤ ቁልቁለቱ ግን ያው ቁልቁለት ነው። እዚህ ላይ ለአባቶች እውቀት መመስከር ይገባል። በወጣህበት ማርሽ ውረድ፣ ፍሬን ላይ አትተኛ፣ ሸራው ከጋለ መኪናው አይሰማህም የሚለውን ሕግ የሚያስከብሩት እነሱ ናቸው። ወጣቱ በፍጥነት የሚበልጣቸውን ያህል እነሱ በትዕግሥት ይበልጡታል። ነገር ግን የሌሊት እይታና የእጅ ፍጥነት ከዕድሜ ጋር ይቀንሳሉ፤ ልምድ ይህን ያካክሳል እንጂ አይተካውም። በዚህ ላይ የጸጥታው ነገር ተጨመረ። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ገርበ ጉራቻ አካባቢ ተማሪዎች ከአውቶቡስ ላይ ሲታገቱ አገር ሁሉ ሰምቷል። የጭነት መኪና ሹፌርም የሚያልፈው በዚያው መንገድ ነው።

ሽማግሌ ሹፌር የኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ጃፓን ሹፌሮቿ አርጅተው ተተኪ አጥታለች፤ ከሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮም የአንድ ሹፌር ትርፍ ሰዓት በዓመት ከ960 እንዳይበልጥ በሕግ ወሰነች። እዚያ ሽማግሌው መሪ ላይ የሚቆየው ወጣት ስለጠፋ ነው። እኛ ጋ ወጣቱ መንጃ ፈቃድ ይዞ በየመናኸሪያው ሥራ ይፈልጋል፤ ሽማግሌው የማይወርደው ቢወርድ የሚያርፍበት ስለሌለው ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛ ምን ይለናል?

ሸሪዓችን ለሙሳፊር አግርቷል፤ አራት ረከዓውን ወደ ሁለት ያሳጥራል፣ ረመዷን ላይ ካስቸገረው አፍጥሮ በኋላ ያወጣል። መንገደኝነት ድካም ስለሆነ፣ መንገደኛም አንድ ቀን ቤቱ ስለሚገባ ነው። ከእነዚህ አባቶች መካከል ከቤታቸው ይልቅ በመንገድ ላይ የሰገዱት የሚበዛ አሉ። አርባ ዓመት ሙሳፊር ሆነው ኖሩ፤ ሙቂም የሚሆኑበት ቀን ግን አልመጣም።

ወንድሞች፣ አሁን ወደ ራሳችን እንመልከት። ባጃጅ የምንነዳ፣ በስልክ ጥሪ ታክሲ የምንሠራ፣ አይሱዙ ላይ ረዳት የሆንን፣ ሲኖትራክ ተቀጥረን አሸዋ የምናመላልስ ብዙ ነን። የዕለት ገቢው ጥሩ ስለሆነ ስለ ስድሳ ዓመት ማሰብ ያስቃል። አባቶቻችንም በኤንትሬ ዘመን ስቀው ነበር። ልዩነቱ እነሱ ሕግ አልነበራቸውም፤ እኛ አለን። አዋጁ በ2014 ዓ.ም. በአዲስ ተተክቶ ዛሬም ሠራተኛው ከደመወዙ 7 ከመቶ፣ አሠሪው 11 ከመቶ እንዲያዋጡ ያዛል። ስለዚህ ተቀጥሮ የሚሠራ ወንድም ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ የጽሑፍ ውል አለኝ ወይ? መዋጮው በስሜ ገብቷል ወይ? አሠሪው «በእጅህ ልጨምርልህና ይቅር» ቢል፣ ሒሳቡን ከመቀበሉ በፊት የአባቱን ዕድሜ ያስብ። ለራሱ የሚሠራ ደግሞ ገቢ ባለው ዘመን ከሁለት ከሦስት ወንድሞቹ ጋር ተሻርኮ፣ ከወለድ ነፃ የሆነውን በር አንኳኩቶ፣ በስሙ የሚቀር ንብረት ያፍራ። የሲራራ ነጋዴውን ከእርጅና ውርደት የጠበቀችው በቅሎዋ የራሱ መሆኗ ነው።

መኪና ያላችሁ ባለሀብት ወገኖችም ይህን ታነቡ ይሆናል። ሹፌራችሁን ዛሬ መመዝገብ ከነገ ምጽዋት ይሻላል። ምጽዋቱ ስጦታችሁ ነው፤ መዋጮው ግን ሐቁ ነው።

አባታችሁ ዛሬም መሪ ላይ ከሆነ፣ ዛሬ ማታ ደውሉለት። የት እንዳደረ ብቻ አትጠይቁት። ዓይኑን መቼ እንደታየ፣ ጡረታ የተመዘገበ ነገር ካለው፣ ከቤቱ ወጪ የቱን እናንተ ብትሸከሙለት አንድ ምልልስ እንደሚቀንስ ጠይቁት። ለእሱ የአንድ ምልልስ እረፍት ማለት፣ አንድ ጊዜ የአባይን ቁልቁለት በሌሊት አለመውረድ ነው።

አላህ መንገድ ላይ ያሉትን በሰላም ወደ ቤታቸው ይመልስልን። ወላሁ አዕለም።