ተቀበል ባይ የሌለው ዘፈን

ርብንና ጉማራን ወደ ጣና እየሰደደ፣ ቁመቱ ከ4,000 ሜትር አልፎ በጉም ተከናንቦ በሚኖረው በጉና ግርጌ፣ ማለት በደብረ ታቦር፣ በእስቴና በጋይንት፣ ዜማ ከጥንት ጀምሮ በሁለት ቤት ሲያድር ኖሯል፤ አንደኛው ቤት ቤተልሔም ድጓን፣ ዙር አባም ዝማሬ መዋሥዕትን የሚያስመሰክሩበት የሊቃውንቱ ቤት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከሠርግ ወደ ጠጅ ቤት የሚዞረው የአዝማሪው ቤት ነው። ሊቃውንቱ አዝማሪን ሲያቃልሉት ይሰማል፤ ነገር ግን ስሙ ዘመረ ከሚለው ግስ የወጣ መሆኑን፣ መሰንቆውም በዳዊት መዝሙር ከበገና ጋራ የሚጠራ መሆኑን መካድ አይቻላቸውም።

አዝማሪው መሰንቆውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ የፈረስ ጭራውን በዕጣን አሽቶ፣ መቃኛውን ጠምዝዞ ሲጀምር ብቸኛ ይመስላል፤ ሆኖም ገና ሁለት ቤት ሳይል ከእንግዶቹ አንዱ «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ግጥም ይወረውርለታል፣ እርሱም ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። እንግዲህ በጉና አገር ትካዜ እንኳ ቢዘፈን ሰሚው ዝም ብሎ አያዳምጠውም፤ ጣልቃ ይገባበታል፣ ያቋርጠዋል፣ አንዳንድ ጊዜም ወደ ሣቅ ይለውጠዋል።

ይህ መሰንቆ ከክራር፣ ከበገና፣ ከዋሽንትና ከእምቢልታ ጋራ በአንድ መድረክ የተሰለፈው በ1963 (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ባቋቋመ ጊዜ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መሪነቱ በተስፋዬ ለማ እጅ ገባ፤ በ1969ም ጓዱ ብሉ ናይል ግሩፕ ተብሎ አሜሪካን ዞረ፣ በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ትርዒትም ታየ፣ ሸክላም አስቀረጸ። የሸክላው ድምፅ የጠራ ነው፤ ለእኔ ግን ልኩ አስቀድሞ የተወሰነ፣ ተቀበል ባይ የማያናጋው በመሆኑ፣ ከመሰንቆው ግማሽ ነፍሱ የቀረች ይመስለኛል።

ያ ጉድለት ሞገስ የሆነው በፊልም ነው። የጎንደር ተወላጅ የሆነው ኃይሌ ገሪማ፣ የ«ጎንደሬ በጋሻው» ደራሲ የአቶ ገሪማ ታፈረ ልጅ፣ በካሊፎርኒያ የፊልም ተማሪ ሳለ በ1974፣ አሮጌው ሥርዓት በሚናጋበት ወራት፣ ወደ አገሩ መጥቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን በጥቁርና ነጭ፣ በ16 ሚሊሜትር ፊልም፣ በሁለት ሳምንት ቀረጸ፤ ሙዚቃውም የተስፋዬ ለማ ነው። በውስጡ ያለው ዘፈን በሰሙ የሙሽራ ዘፈን ነው፣ በዘመናት ብዛት ያላረጀ ቀሚስ ስለ ለበሰች ሙሽራ ይናገራል፤ ወርቁ ግን ባለመሬቱ በሚጫነው ገበሬ ትከሻ ላይ የሚወድቅ ነው። ሠርግ ቤት ቢሆን እልልታ የሚከተለው ቃል፣ እዚያ ከድካም ጋራ ተቆራኝቶ ሲሰማ ሆድ ያባባል።

ኦርኬስትራው በ1975 ተበተነ፤ ፊልሙ በማግስቱ ዓመት ለዓለም ታየ። ተስፋዬ ለማም በ1987 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ፣ በ2013 በስደት ዐረፈ።

ፊልሙን ባየሁ ዕለት ከጎኔ የተቀመጡት የደብረ ታቦር ሽማግሌ፣ ዘፈኑ ሲመጣ ጋቢያቸውን ገፍተው ወደ ፊት ቀረብ አሉ፣ ከንፈራቸውም እንደ ልማዳቸው ለግጥም ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ መቀበያ እንደሌለ ትዝ ሲላቸው ጋቢያቸውን መልሰው አጣፍተው ተቀመጡ።