«አትንኩኝ»፦ የመለያ ሕግና የጉርብትና ሥርዓት

ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ ወደ ሰሜን በሚያመራው መንገድ ዳር ወለቃ የምትባል መንደር ትገኛለች። በቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች የታወቀች ነበረች። ክርስቲያኑ ገበሬ ማረሻና ማጭድ ሊያሠራ፣ ባለቤቱም ምጣድና እንስራ ልትገዛ ወደ እንዲህ ያሉ መንደሮች ይሄዱ ነበር። ሰላምታው የተሟላ ነው፤ የልጆች ደኅንነት፣ የከብቱ ጤና፣ የዝናቡ ሁኔታ ሁሉ ይጠየቃል። መጨባበጥ ግን የለም። የዕቃው ዋጋም ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም፤ እንደየአካባቢው ልማድ መሬት ላይ ይቀመጣል፣ ወይም ውሃ ባለበት ዕቃ ውስጥ ይጣላል፤ ሻጩ ከዚያ ያነሣዋል። ይህ ሥርዓት «አትንኩኝ» በሚል ስም ይታወቃል።

ይህን ቃል ብዙዎች የትዕቢት ወይም የጥላቻ ቃል አድርገው ተርጉመውታል። ይሁን እንጂ አንድ ልማድ በትክክል የሚመዘነው ከየት እንደመጣ፣ በምን ዓይነት የኑሮ ሁኔታ እንደጸና፣ ማንንስ እንዳገለገለ ሲመረመር ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ «አትንኩኝ» ከስሙ የሰፋ ጉዳይ ሆኖ ይገኛል።

የሕጉ ምንጭ ኦሪት ነው። ቤተ እስራኤል በግዕዝ የሚያነቡት የሙሴ ሕግ ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን እንዲለይ፣ የወለደች ሴት ለወንድ ልጅ 40፣ ለሴት ልጅ 80 ቀን እንድትቆይ ያዝዛል። በዚህም መሠረት በወር አበባዋ ጊዜ ያለች ሴት ከመንደሩ ዳር በምትገኝ የተለየች ጎጆ ትቀመጥ ነበር። ከማኅበረሰቡ ውጭ የሆነን ሰው የነካም እንዲሁ ከወንዝ ታጥቦ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ቆይቶ ወደ መንደሩ ይገባል። ሩቅ አገር ሰንብቶ የተመለሰ መንገደኛ ለቀናት ጥሬ እህል ብቻ እየበላ ራሱን ያነጻ ነበር። ከኦሪት ቀጥሎ መጽሐፈ ኩፋሌ ለዚህ ሥርዓት ድጋፍ ሰጥቷል፤ በዚያ መጽሐፍ አብርሃም የልጅ ልጁን ያዕቆብን ከአሕዛብ እንዲለይ፣ ከእነርሱም ጋር ማዕድ እንዳይቆርስ ይመክረዋል። በየዓመቱ በዕብራውያን አቆጣጠር በሔሽቫን ወር 29ኛ ቀን በሚከበረው በስግድ በዓልም የእስራኤል ዘር ከባዕዳን እንደተለየ የሚተርከው የነህምያ ታሪክ ይነበባል።

በሌላው ዓለም የኖሩት አይሁድ በዚሁ ጉዳይ ሌላ መንገድ ተከትለዋል። እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ የተጠናቀረው ሚሽናና እርሱን የሚያብራራው ታልሙድ አጥብቀው የሚናገሩት ስለ ማዕድ ነው፤ የአሕዛብን ወይን፣ ዳቦና የበሰለ ምግብ የሚመለከት ዝርዝር ሕግ አላቸው። ምክንያቱንም ሊቃውንቱ አልሸሸጉም፤ አብሮ መብላትና መጠጣት ወደ ጋብቻ ያደርሳል ብለው ስለሰጉ ነው። በዚያው ሕግ ውስጥ ግን «ስለ ሰላም መንገድ» የሚባል ሌላ ትእዛዝ አለ፤ የአሕዛብ ድሆች ከእስራኤል ድሆች ጋር እንዲመገቡ፣ ሕሙማናቸው እንዲጠየቁ፣ ሙታናቸውም እንዲቀበሩ ያዝዛል። በ13ኛው መቶ ዓመት በደቡብ ፈረንሳይ የተነሣው ሊቅ መናሔም ሜኢሪ ደግሞ በሃይማኖት ሥርዓት የሚኖሩ ሕዝቦች እንደ ጥንቶቹ ጣዖት አምላኪዎች ሊቆጠሩ እንደማይገባ አስተማረ። ቤተ እስራኤል ግን ሚሽናንም ታልሙድንም አያውቁም ነበር። አጥራቸውን ያቆሙት በኦሪት፣ በካህናቶቻቸውና በመነኮሶቻቸው ትምህርት ብቻ ነው።

ታዲያ ይህ አጥር ይህን ያህል የጠበቀው ለምንድን ነው? አንዱ መልስ ጎረቤቶቹ እጅግ ተመሳሳይ ስለነበሩ ነው። ክርስቲያኑም ወንድ ልጁን በስምንተኛው ቀን ይገርዛል፤ የአሳማ ሥጋ አይበላም፤ ቅዳሜን ያከብራል፤ ልጆቹን በ40 እና በ80 ቀን ክርስትና ያስነሣል። ኩፋሌን ከቅዱሳት መጻሕፍቱ አንዱ አድርጎ በዚያው በግዕዝ ይዞታል። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ቋንቋ ያወራሉ፣ አንድ ዓይነት ጎጆ ይሠራሉ፣ አንድ ዓይነት እንጀራ ይበላሉ። በመልክ፣ በአለባበስና በአነጋገር የማይለይ አነስተኛ ማኅበረሰብ በብዙኃኑ ተውጦ እንዳይቀር የሚይዘው ምልክት ማዕዱና ገላው ነበር። ከክርስቲያኑም ወገን ይህ እንግዳ ነገር አልነበረም። በአገራችን ክርስቲያኑ የእስላሙን፣ እስላሙም የክርስቲያኑን ሥጋ እንደማይበላ ሁሉ፣ ክርስቲያኑም ቤተ እስራኤል ያረዱትን አይቀምስም ነበር።

ሁለተኛው መልስ በመሬት ላይ ይገኛል። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነገሠው ዐፄ ይስሐቅ ቤተ እስራኤልን ድል ካደረገ በኋላ የተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዲወርስ፣ ያልተጠመቀ ግን ፈላሲ እንዲሆን ማዘዙ ይነገራል። ማኅበረሰቡ የማይወደው «ፈላሻ» የሚለው ስም ከዚሁ ከርስት መነቀል ጋር ተያይዞ ይታወሳል። በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የዐፄ ሠርፀ ድንግል፣ ቀጥሎም የዐፄ ሱስንዮስ ዘመቻዎች በሰሜን ተራሮች የነበረውን የመጨረሻ ኃይላቸውን ሰበሩ። ርስት የሌለው ሰው ወይ የሌላውን መሬት ያርሳል፣ ወይ በእጁ ጥበብ ያድራል። ብረት መቀጥቀጥ፣ ሸክላ መሥራትና ሽመና ዋና መተዳደሪያቸው ሆነ። ጎንደር እ.ኤ.አ. ከ1636 ጀምሮ የነገሥታት መናገሻ ስትሆን ግንበኞቻቸውና አናጢዎቻቸው በአብያተ መንግሥቱ ሥራ ተሳትፈዋል፤ አንዳንዶቹም በነገሥታቱ ዘንድ ማዕረግ አግኝተዋል።

ይሁን እንጂ ርስተኛው ኅብረተሰብ የሚገለገልበትን ጥበብ ሲንቅ ኖሯል። ማረሻ የሠራለትን ሰው ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ ነው አለው፤ ቡዳ ብሎ ፈራው፤ ልጁ ሲታመምበትም ጥፋቱን በእርሱ ላይ አላከከ። እዚህ ላይ ሁለቱን አጥሮች ለይቶ ማየት ያሻል። «አትንኩኝ» የሚለው ሰው ራሱን ይጠብቃል፤ በውሃ የሚነጻ ንክኪም ከፀሐይ መግቢያ አያልፍም። «ቡዳ» የሚለው ግን ሌላውን ከሰውነት ተራ ያወጣል፤ የቡዳነት ስም በውሃ አይታጠብም። የመጀመሪያው የደካማው ወገን መከላከያ ሲሆን፣ ሁለተኛው የጉልበተኛው መሣሪያ ነበር።

የመጀመሪያው አጥር በርም ነበረው። ቤተ እስራኤል ሠርግ ሲደግሱ ክርስቲያን ወዳጆቻቸውን ይጠሩ ነበር። ለእንግዶቹ የተለየ ዳስ ይጣላል፤ ከብቱ በቁሙ ይሰጣቸውና በራሳቸው ሰው ያርዳሉ፤ የሚበሉበትም ዕቃ የተለየ ነው። ክርስቲያኑም በተራው ሲደግስ ለቤተ እስራኤል ወዳጁ በቁም ከብት ወይም ያልበሰለ እህል ይሰጠዋል። ለላይ ተመልካች ይህ መራራቅ ይመስላል። ነገር ግን ሕጉ «አትሂድ» አላለም፤ እንዴት ሄዶ እንዴት እንደሚመለስ ደነገገ እንጂ። ባለድግሱ የጎረቤቱን ሕግ አውቆ ካልተጠነቀቀለት ግብዣው አይሆንም ነበርና፣ በዚህ መተዋወቅ ውስጥ መከባበርም ነበረበት።

ይህም ሲባል ሕጉ ዋጋ አላስከፈለም ማለት አይደለም። በጎጆዋ ለብቻዋ የምትሰነብተው ሴት ሸክሙን ተሸክማለች። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በክፉ ቀን የከብት በሽታ፣ ረሀብና የድርቡሽ ወረራ አንድ ላይ ሲወርዱ ብዙዎች አለቁ፤ የተረፉትም እህል ፍለጋ ሲበታተኑ የመለየት ሥርዓቱን መጠበቅ አልቻሉም። እ.ኤ.አ. ከ1860 ገደማ ጀምሮ በሚሲዮናውያን ስብከት፣ ኋላም በችግር ብዛት ሃይማኖታቸውን የለወጡ ወገኖች በሁለት አጥሮች መካከል ቀሩ፤ የቀድሞ ወገናቸው ከማዕዱ አራቃቸው፣ አዲሱ ወገን ደግሞ ቡዳ ማለቱን አልተወም።

በ20ኛው መቶ ዓመት ትምህርት ቤት፣ ከተማና ገበያ ሥርዓቱን እያላሉት መጡ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ለዘመናት የተነፈጉትን የመሬት መብት በሕግ ሰጣቸው። ዳሩ ግን በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሄዱ። ማኅበረሰቡ ከሄደ በኋላም በወለቃ የዳዊት ኮከብ ያለበት ሸክላ ለጎብኚ ይሸጥ ነበር።

በእስራኤል ያጋጠማቸው ሁኔታ ለዚህ ታሪክ መራራ ፍጻሜ ጨመረለት። የሃይማኖት ባለሥልጣኖች አይሁድነታቸው የተረጋገጠ እንዲሆን በውሃ እንዲጠመቁ ጠየቁ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ስደተኞቹ ይህን ተቃውመው ለሰልፍ ወጡ። ከባዕድ ንክኪ ይነጹበት የነበረው ውሃ አሁን የራሳቸው ባዕድነት ማጠቢያ ተደርጎ ቀረበላቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 የለገሱት ደም በሽታ ተፈርቶ በስውር ይደፋ እንደነበር ሲታወቅ ኢየሩሳሌም በታላቅ ቁጣ ተናወጠች። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ አንድ ወይን ጠማቂ ድርጅት ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቹን ወይኑን ከሚነኩበት የሥራ ቦታ ማንሣቱ ተሰማ። ምክንያቱም ያው ጥንታዊው የአሕዛብ ወይን ሕግ ነው፤ አይሁድነታቸው በሚያጠራጥር እጆች ወይኑ እንዳይነካ ተብሎ ነበር። ድርጅቱ ተቃውሞው ሲበረታበት ውሳኔውን ሻረ።

እንግዲህ አንድ ሕግ በሁለት ቦታ ሁለት መልክ አለው። በጎንደር ቆላና ደጋ ርስት አልባው ቀጥቃጭ «አትንኩኝ» ሲል ማንነቱን ከመጥፋት ያድን ነበር፤ ማንንም ከሥራው፣ ከመሬቱ ወይም ከክብሩ አላፈናቀለም። ሥልጣን ያለው ወገን ያንኑ ቃል ሲናገረው ግን ሰውን ከሥራው ያነሣል፣ ደሙን ያስደፋል። ስለዚህ ይህን ታሪክ የሚያስተምር መምህርም ሆነ በመድረክ የሚያሳይ የጥበብ ሰው የመለያ ሕግን ከቃሉ ብቻ አይፍረደው፤ ቃሉን የተናገረው ማን እንደሆነ፣ መሬቱም በማን እጅ እንደነበረ አስቀድሞ ይጠይቅ።