የሰው ሠራሽ አስተውሎት ደኅንነት ጥናትን ለሕዝብ ማስረዳት

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ደኅንነት ጥናትን ለሕዝብ ማስረዳት ማለት ተመራማሪዎች ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤ.አይ.) አደጋዎችና ስለ መከላከያቸው የደረሱበትን ውጤት የዘርፉ ባለሙያ ላልሆነ ሰው በሚገባ መልክ የማቅረብ ሥራ ነው። ሥራውን የሚሠሩት ራሳቸው ተመራማሪዎቹ፣ ጋዜጠኞች፣ መምህራን፣ የቪዲዮ አዘጋጆችና የመንግሥት አማካሪዎች ናቸው። ከሌሎች የሳይንስ ዘርፎች የሚለይበት ዋና ምክንያት ከሚነገሩት አደጋዎች ከፊሎቹ ዛሬ የሚታዩ፣ ከፊሎቹ ግን ገና ያልደረሱ መሆናቸው ነው፤ ስለ ኋለኞቹ ባለሙያዎቹ ራሳቸው አይስማሙም። ስለዚህ አስረጂው ሰውን ያለ በቂ ምክንያት ሳያስፈራ፣ አደጋውንም ሳያቃልል መናገር ይጠበቅበታል።

የሚብራራው ጥናት

የዘርፉ ዋነኛ ጥያቄ አንድ የኮምፒውተር ሥርዓት የተሰጠውን ግብ ሲያሳካ ሰው በእርግጥ የፈለገውን ነገር ያደርጋል ወይ የሚል ነው። በማሽን ለርኒንግ የሚሠራ ፕሮግራም እያንዳንዱ እርምጃው በፕሮግራመር አይጻፍለትም። በብዙ ሙከራ ከፍተኛ ነጥብ የሚያስገኝለትን አካሄድ ራሱ ይደርስበታል። የነጥቡ አሰጣጥ ከሰው ፍላጎት ጋር ከተለያየ ፕሮግራሙ የሚከተለው ነጥቡን ነው።

ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምሳሌ ኦፕንኤአይ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ያደረገው የጀልባ ውድድር ሙከራ ነው። ኮስት ራነርስ በተባለው ጌም ነጥብ የሚገኘው በመንገድ ላይ የተቀመጡ ዒላማዎችን በመምታት ነበር። ፕሮግራሙ ውድድሩን መጨረስ ትቶ በአንድ ጥግ እየተሽከረከረ ሦስት ዒላማዎችን ደጋግሞ መምታት ያዘ። ጀልባው እሳት ቢይዘውም፣ ከሌሎች ጀልባዎች ጋር ቢጋጭም፣ ያገኘው ነጥብ ከሰው ተጫዋቾች አማካይ ነጥብ በ20 በመቶ ገደማ ይበልጥ ነበር። ምሳሌው የተወደደው ያለ ሒሳብ ቀመር ሊገባ ስለሚችልና የሆነ ነገር እንጂ የተገመተ ስላልሆነ ነው።

ታሪክ

የሒሳብ ሊቁ ኖርበርት ዊነር እ.ኤ.አ. በ1960 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ ማሽን የታዘዘውን ቃል በቃል ከሰው በፈጠነ ሁኔታ ከፈጸመ ስሕተቱን በጊዜ ማስቆም ሊያዳግት እንደሚችል አስጠንቅቀዋል። ለማስረዳትም የቆዩ ተረቶችን ተጠቅመዋል። በተረቶቹ ውስጥ ሰው የተመኘው ነገር እንደ ቃሉ ይፈጸምለታል፤ ውጤቱ ግን ያልጠበቀው መከራ ይሆናል።

ፈላስፋው ኒክ ቦስትረም እ.ኤ.አ. በ2003 የወረቀት ማያያዣ (ክሊፕ) ብቻ እንዲያመርት የታዘዘ እጅግ ብልህ ማሽንን በምሳሌነት አቀረቡ። ማሽኑ ለሰው ጥላቻ የለውም፤ ነገር ግን ያገኘውን ሁሉ ወደ ማያያዣ ለመለወጥ ይሠራል። ምሳሌው በሰፊው የታወቀው በ2014 በወጣው መጽሐፋቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የጎግልና የሌሎች ተቋማት ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ውይይቱን ወደ ዕለታዊ ነገር አወረደው። የተጠቀሙበት ምሳሌ ቤት የሚያጸዳ ሮቦት ነበር፦ ቶሎ ለመጨረስ የአበባ ማስቀመጫ ቢሰብርስ? ቆሻሻ ባለማየቱ የሚሸለም ከሆነ ካሜራውን ቢዘጋስ? በ2019 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (በርክሌይ) ፕሮፌሰር ስቱዋርት ራስል ለአጠቃላይ አንባቢ የሚሆን መጽሐፍ አሳተሙ። በ2021 ደግሞ በቢቢሲ ሬዲዮ ዓመታዊው የሪዝ ንግግር ላይ አራት ትምህርቶችን ሰጡ።

ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 መጨረሻ ከወጣ በኋላ ጉዳዩ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዜና ገጾች ተሸጋገረ። በመጋቢት 2023 በወጣ ግልጽ ደብዳቤ፣ ከጂፒቲ-4 የሚበልጡ ሥርዓቶችን ማሠልጠን ቢያንስ ለ6 ወር እንዲቆም ተጠየቀ። በግንቦት 2023 ጄፍሪ ሂንተን፣ ዮሹዋ ቤንጂዮ፣ ደሚስ ሐሳቢስና ሳም አልትማን የፈረሙበት መግለጫ ወጣ። በእንግሊዝኛ 22 ቃላት ብቻ ያሉት ይህ መግለጫ፣ ከኤ.አይ. የሚመጣን የሰው ልጅ የመጥፋት አደጋ መቀነስ ከወረርሽኝና ከኑክሌር ጦርነት እኩል ትኩረት እንዲሰጠው ጠየቀ።

የማስረዳት ዘዴዎች

ምሳሌ ዋናው መሣሪያ ነው። ጥሩ ምሳሌ የሚባለው በትክክል የተፈጸመ፣ አጭርና ከአንድ ነጥብ በላይ የማይሸከም ነው።

የቪዲዮ ትምህርት በተለይ ወጣቶችን ይደርሳል። እንግሊዛዊው ሮበርት ማይልስ ኮምፒውተርፋይል በተባለው የዩቲዩብ ቻናልና በራሳቸው ቻናል የጥናት ወረቀቶችን እያብራሩ ያቀርባሉ። ከትምህርቶቻቸው አንዱ የማጥፊያ ቁልፍን ችግር ይመለከታል፦ ግብ ያለው ሮቦት ከጠፋ ግቡን ስለማያሳካ ቁልፉ እንዳይነካ ሊከላከል ይችላል።

አጭር መግለጫ ለዜና ይመቻል፤ ምክንያቱን ለማብራራት ግን ቦታ የለውም። የ2023ቱ ባለ 22 ቃላት መግለጫ ባለሙያዎቹ ጉዳዩን በቁም ነገር እንደያዙት አሳወቀ። አደጋው በምን መንገድ እንደሚመጣ ግን አላስረዳም።

ዓለም አቀፍ ዘገባ የዚህ ተቃራኒ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 በእንግሊዝ አገር በብሌችሊ ፓርክ ከተደረገው ጉባኤ በኋላ፣ በቤንጂዮ ሰብሳቢነት 100 ያህል ባለሙያዎች የተሳተፉበት ዘገባ ተዘጋጅቶ በጥር 2025 ወጣ። ዘገባው መንግሥታት ይህን ያድርጉ ብሎ አይመክርም። የታወቀውን፣ ያልታወቀውንና ባለሙያዎች የማይስማሙበትን ለይቶ ያስቀምጣል።

አስቸጋሪ ነጥቦች

የመጀመሪያው ችግር ምሳሌው ራሱ ጥናቱ መስሎ መታየቱ ነው። የማያያዣውን ታሪክ የሰማ ሰው ተመራማሪዎች ስለ ማያያዣ ፋብሪካ የሚጨነቁ ሊመስለው ይችላል። የምሳሌው ነጥብ ግን ጉዳት ለማድረስ ክፋት የግድ አለመሆኑ ነው። እንደዚሁ ስለ ኤ.አይ. የሚጻፉ ዜናዎች ዐይኑ የቀላ ሮቦት ምስል ሲለጠፍባቸው፣ አንባቢው ችግሩን በሰው መልክ በተሠራ ማሽን ቁጣ ይተረጉመዋል። ዛሬ ጥናት የሚደረግባቸው አብዛኞቹ ሥርዓቶች ግን አካል የሌላቸው፣ በዳታ ማዕከል ውስጥ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ናቸው።

ሁለተኛው ችግር ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በ2,778 የኤ.አይ. ተመራማሪዎች ላይ በተደረገ የአስተያየት ጥናት፣ እንደ ጥያቄው አቀራረብ ከ38 እስከ 51 በመቶ የሚሆኑት የሰው ልጅን የመጥፋት ያህል የከፋ ውጤት ለመምጣቱ ቢያንስ 10 በመቶ ዕድል ሰጥተዋል። በዚሁ ጥናት 68.3 በመቶ የሚሆኑት ከመጥፎ ይልቅ ጥሩ ውጤት ይበልጥ የሚጠበቅ ነው ብለዋል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መርጦ ርዕስ ያደረገ ዘገባ ቁጥሩን ሳይሳሳት አንባቢውን ያሳስታል። በተጨማሪም እነዚህ ቁጥሮች የተመራማሪዎች ግምት እንጂ በመለካት የተገኙ አይደሉም።

ትችት

አዲስ አበባ የተወለዱት የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪ ትምኒት ገብሩ ከዘርፉ ዋነኛ ተቺዎች አንዷ ናቸው። ገብሩና ባልደረቦቻቸው ለመጋቢት 2023ቱ ደብዳቤ በሰጡት ምላሽ፣ ስለ ወደፊቱ ኃያል ማሽን መናገር ዛሬ እየደረሰ ያለውን ጉዳት ይሸፍናል ብለዋል። በምሳሌነት ያነሱትም የሠራተኞችን ብዝበዛ፣ ያለ ፈቃድ የሚወሰድ ዳታንና የኃይል በጥቂት ኩባንያዎች እጅ መሰብሰብን ነው። ኩባንያዎቹ ለሚሠሩት ነገር ተጠያቂ መሆን ሲገባቸው ማሽኑ ራሱ ባለ ፈቃድ ተደርጎ መቅረቡንም ይነቅፋሉ።

ሌሎች ተመራማሪዎች ሁለቱ ጉዳዮች አይጋጩም ይላሉ፤ ነጥብን ብቻ የሚከተል ሥርዓት ዛሬም ነገም ያው ችግር አለበት የሚል ነው መከራከሪያቸው። ከክርክሩ ወዲህ፣ የ2025ቱን ዓለም አቀፍ ዘገባ ጨምሮ፣ ሁለቱንም ዓይነት አደጋ በአንድ ላይ ማቅረብ የተለመደ ሆኗል።

በአማርኛ

በአማርኛ የመጀመሪያው እንቅፋት የስያሜ ነው። ለዘርፉ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ሰው ሠራሽ ልህቀትና አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚሉት ሁሉ ይሠራባቸዋል። "ደኅንነት" የሚለው ቃል ከአደጋ መጠበቅንም ሆነ የጸጥታ ጥበቃን ያመለክታል፤ በዕለታዊ ንግግር የስለላ መሥሪያ ቤትም ይባልበታል። "ኢንተለጀንስ" የሚለውም ለስለላ ስለሚውል፣ ሁለቱ ቃላት አንድ ላይ ሲመጡ ሰሚው ስለ ስለላ ቴክኖሎጂ የሚወራ ሊመስለው ይችላል።

በአንጻሩ የጥናቱ ቁልፍ ቃል የሆነው "አላይመንት" በኢትዮጵያ ጋራዦች የታወቀ ነው። አላይመንቱ የተዛባ መኪና መሪው ቀጥ ተደርጎ ቢያዝም ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። በኤ.አይ. ጥናትም ቃሉ የሥርዓቱ አካሄድ ሰው ከፈለገው አቅጣጫ ጋር መግጠሙን ያመለክታል። ልዩነቱ መካኒኩ የጎማውን ትክክለኛ አቀማመጥ የሚለካበት መሣሪያና ቁጥር ያለው መሆኑ ነው፤ ለሰው ፍላጎት ግን እንዲህ ያለ መለኪያ የለም።

ጉዳዩ ከቃላት ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጎጂ ጥያቄዎችን እንደ ዙሉ ወዳሉ በኢንተርኔት ጥቂት ጽሑፍ ወዳላቸው ቋንቋዎች ተርጉመው ለጂፒቲ-4 አቀረቡ። በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ የተሳካው ከ1 በመቶ በታች ነበር፤ የተሞከሩት አነስተኛ ጽሑፍ ያላቸው ቋንቋዎች አንድ ላይ ሲቆጠሩ ግን ጥበቃው በ79 በመቶው ታልፏል። አማርኛ በሙከራው ውስጥ አልነበረም። ሆኖም ውጤቱ በእንግሊዝኛ የተፈተነ ጥበቃ በሌላ ቋንቋም ይሠራል ብሎ መገመት እንደማይቻል ያሳያል። አንድ ሥርዓት ደኅንነቱ የተጠበቀ ነው ሲባል በየትኛው ቋንቋ ተፈትኖ እንደሆነ መጠየቅም የዚሁ የማስረዳት ሥራ አካል ነው።

በተጨማሪ ይመልከቱ

ሰው ሠራሽ አስተውሎት
ማሽን ለርኒንግ
ኖርበርት ዊነር
ትምኒት ገብሩ