የኒሻኑ ጀርባ

ሚዛን ተፈሪንና ቴፒን አብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው የሚያውቃቸው በቡናቸው ነው። ሆኖም ይህን ምድር በሚመለከት የተሸለሙ ኒሻኖች አሉ፤ ስለ አንዱ ባለኒሻን ጥቂት ማለት ወደድሁ።

አሌክሳንደር ቡላቶቪች ይባላል። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዞች በቤተ መንግሥትም በጦር ሜዳም የሚያገለግሉ መኮንኖች እንደነበሯቸው ሁሉ፣ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1870 ከመኳንንት ወገን ተወልዶ የዛሩ ክብር ዘበኛ ሁሳር ፈረሰኛ የሆነ ሰው ነው። ከአድዋ ድል በኋላ በ1896 ከሩሲያ ቀይ መስቀል ጋር መጣ። ከጅቡቲ ሐረር በግመል አራት ቀን ባልሞላ ጊዜ መግባቱ ስሙን አስጠራው። ለዚህ ጉዞው የቅድስት ሐናን ኒሻን፣ ሦስተኛ ደረጃ፣ ተቀበለ።

ዋናው ግን የ1898ቱ ዘመቻ ነው። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ከዓመት በፊት ከፋን ይዘው ንጉሡን ታቶ ጋኪ ሸሮቾን ማርከዋል። አሁን ደግሞ እንግሊዞች ሳይቀድሙ እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ፣ የዛሬው ቱርካና፣ እንዲደርሱ አፄ ምኒልክ አዘዟቸው። ጦሩ ከከፋ ተነሥቶ በጊሚራ በኩል ወደ ደቡብ ወረደ፤ በሚያዝያ ወር በኦሞ መፍሰሻ ሰንደቅ ዓላማ ተከለ። ቡላቶቪች መንገዱን ሁሉ እየለካ ካርታ አነሣ። አንዱን የተራራ ሰንሰለት በዛር ኒኮላስ ዳግማዊ ስም ሰየመው (ስሙ ግን አልጸናም)። አገሩ ሲመለስ የቅዱስ እስታኒስላቭ ኒሻን፣ ሁለተኛ ደረጃ፣ ደረቱ ላይ ተደረገለት።

አንባቢ ልብ ይበል! ይኸው ሰው በ1900 ባሳተመው የዘመቻ መጽሐፉ የተቃጠለውን ጎጆ፣ የተዘረፈውን ከብት፣ በጥይት ፊት በጦርና በቀስት የወደቀውን ባላገር አልደበቀም። ራስ ወልደ ጊዮርጊስን ከልቡ ያደንቃል፤ ያየውንም ይጽፋል። ዘመቻውን «አገር ማቅናት» የሚሉትም «ቅኝ ግዛት» የሚሉትም ወገኖች ከዚህ መጽሐፍ የሚስማማቸውን ገጽ ብቻ ገንጥለው ይሸሻሉ። እኔ ግን መጽሐፉን የምወደው ሁለቱንም ስለማያስደስት ነው።

በሐይቁ አቅራቢያ ወታደሮች የሰለቡት፣ የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ወድቆ አገኘ። ቁስሉን አክሞ በፈረስ ጭኖ ወሰደው፤ ቫስካ ብሎ ሰየመው፤ ሩሲያ ድረስ ይዞት ሄደ። እናቱ ያወጣችለትን ስም ማን ይጠይቅ? የጊሚራና የማጂ ሕዝብ ግን አንሺ አላገኘም። ከዘመቻው በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ባሪያ ፈንጋዮች እየተመላለሱ መንደሩን ባዶ አደረጉት።

ቡላቶቪች በኋላ ኒሻኑንም ፈረሱንም ትቶ መነኮሰ፤ አባ አንቶኒ ተባለ። በ1911 እንደገና ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ ከመጣባቸው ጉዳዮች አንዱ ቀድሞ ወደ አገሩ የተመለሰውን ቫስካን ማየት ነበር። እርሱ በ1919 በአገሩ በሽፍቶች ተገደለ። በዚያው ዓመት ጋኪ ሸሮቾ ከከፋ ርቀው በግዞት ሞቱ።