የፊልም ምስክርነትና የሐረር ታሪክ



ያለፈውን ታሪክ ከመጽሐፍ ይልቅ ከሲኒማ መጋረጃ የሚማረው ሰው ብዙ ነው። መጽሐፍ የሚያነብ ሰው እያመዛዘነ ያነባል፤ ፊልም የሚመለከት ግን ነገሩን በዓይኑ ያየው ስለሚመስለው ሳይመረምር ይቀበላል። ስለዚህ ስለ መንግሥታት ሥራና ስለ ሰው መብት የሚናገር ፊልም እውነቱን ምን ያህል እንደ ያዘ መመርመር ይገባናል። ለዚህም የሐረር ከተማ ታሪክ መልካም ማስረጃ ይሆነናል።

መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች በሐረር ላይ ቦምብ ጣሉ። ከአርባ ቀን በኋላም፣ ሚያዝያ 30 ቀን፣ የጄኔራል ግራዚያኒ ጦር ከተማይቱን ያዘ። ከዚያ አስቀድሞ ደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል በሚመሩት በኦጋዴን ግንባር የመርዝ ጋዝ ተጥሎ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ፣ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው፣ የመርዙን ግፍ በአማርኛ ለዓለም አስረዱ።

በዚያው ጊዜ የኢጣልያ ሕዝብ ምን ይመለከት ነበር? ሉቸ የተባለው የመንግሥት የፊልም ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1924 ተቋቋመ፤ ከ1926 ጀምሮም የአገሪቱ ሲኒማ ቤቶች ሁሉ ፊልሞቹን እንዲያሳዩ በሕግ ተገደዱ። በፊልሞቹ ውስጥ የሚሠራ መንገድና የሚሰለፍ ወታደር ይታያል፤ በመርዝ የተቃጠለ ገበሬ ግን አይታይም። ልብ በሉ፤ መንገዱም ሰልፉም በእርግጥ ነበሩ። ሐሰቱ ያለው ካሜራው ባሳየው ላይ ሳይሆን በተወው ላይ ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1989 የእንግሊዝ ቢ.ቢ.ሲ. ይህን ግፍ የሚገልጽ ፊልም አሳየ። የኢጣልያ መንግሥት ቴሌቪዥን ግን የማሳየቱን መብት ከገዛ በኋላ ለሕዝብ ሳያሳየው አስቀመጠው። የታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ ከጦር ሠራዊቱ ሰነዶች እየጠቀሰ ለብዙ ዓመታት ተከራከረ፤ በመጨረሻም በ1996 የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር በመርዝ ጋዝ መጠቀሙን አመነ። ስድሳ ዓመት የተሸፈነውን ነገር የገለጠው በመዝገብ ቤት የተቀመጠ ወረቀት ነው።

ሆኖም በሌላው ላይ የምንፈርድበትን ሚዛን በራሳችንም ላይ ልናውለው ይገባል። በ1879 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በጨለንቆ አሚር አብዱላሂን ድል አድርገው ሐረርን ያዙ፤ አገሩንም ለመኰንን ሰጡ። ነገ አንድ የአገራችን ሰው ይህን በፊልም ቢያቀርብ፣ የአሸናፊውን ጦር ግርማ ብቻ ቢያሳየን፣ በጀጎል ግንብ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ያን ቀን ምን እንደ ደረሰባቸው ባይጠይቅ፣ ሥራው ከሉቸ ሥራ በምን ይለያል? የተሸናፊውን ሐዘን ብቻ አሳይቶ የዘመኑን የመንግሥታት ሽሚያና ግብጾች ሐረርን እስከ 1877 ዓ.ም. ድረስ ይዘው መቈየታቸውን ቢተውም፣ ያው ጕድለት ነው።

ፊልም ሠሪ የሰዎችን ንግግር ከልቡ ቢያወጣ አይነቀፍም፤ በአንድ ክፍል ውስጥ የተባለውን ሁሉ ጽፎ የሚያስቀምጥ የለምና። ነገር ግን ማን እንዳዘዘ፣ ማን እንደ ሞተ፣ ምክንያቱም ምን እንደ ነበረ ሊለውጥ አይፈቀድለትም። ንግግሩን ቢለውጥ ጨዋታ ነው፤ ጥፋተኛውን ቢለውጥ ግን ሙታንን ዳግመኛ መበደል ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ፊልም ባየህ ጊዜ ማን እንዳሠራው፣ በማን ገንዘብ እንደ ተሠራ፣ ማንንስ እንዳላናገረ ጠይቅ። በመሥሪያ ቤትህ መደርደሪያ ላይ አቧራ የለበሰውንም ፋይል በከንቱ አታጥፋው፤ ነገ ሐሰተኛ ሥዕል በመጋረጃ ላይ ሲታይ፣ ተነሥቶ የሚመሰክረው እርሱ ሊሆን ይችላልና።