የመጋላ ጫት ንግድና ያልተመዘገበው ፅንስ



የዛሬው ንግግሬ ስለ ጫት ንግድ ታሪክ ቢሆንም፣ መነሻዬ አንድ ልጅ ነው። መጋላ ውስጥ ባደግሁበት ሠፈር እናቱ ጫት ትቸረችር ነበር። በእርግዝናዋም ትቅማለች፤ ማታ ደግሞ «ጨብሲ» እንደምንለው ምርቃናውን በመጠጥ ትሰብራለች። ልጁ ሰባት ዓመት ሲሞላው ትናንት የለየውን ፊደል ዛሬ አይለየውም፤ ሦስት ነገር ቢታዘዝ ሁለቱ ይጠፉበታል። በትምህርት ቤት «ደንቆሮ»፣ በቤት «እልኸኛ» ተባለ፤ በሁለቱም ቦታ ተገረፈ። እኔ የታሪክ ሰው እንጂ ሐኪም ስላልሆንሁ በልጁ ላይ የሕመም ስም አልለጥፍም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ስለ ጫት ይህን ያህል የምታውቅ ከተማ ስለ እንዲህ ያለ ልጅ እንዴት አንድ ቃል አጣች?

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር ተወለደች። ደቻቱ ከፈላት፤ በአንድ ወገን የባቡር ሠራተኞች ከዚራ፣ በሌላው የነጋዴዎች መጋላ። ከሐረርጌ ደጋ የሚወርደው ጫት በባቡር ወደ ጅቡቲ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም በአውሮፕላን ወደ ዓደን ይጓዝ ነበር። ጥድፊያው ምክንያት ነበረው፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉ ይደክማል። ይህን የሚያደርገው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር እንደሆነ በ1975 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ታወቀ። እንግሊዞች በ1957 እ.ኤ.አ. ዓደን ላይ ጫትን ከለከሉ፤ በዓመቱ ፈቀዱት። ስለ ንግዱ ባነበብኋቸው ጽሑፎች ውስጥ ቀረጥ አለ፣ የሥራ ሰዓት አለ፣ የባልዮው ኪስ አለ። ነፍሰ ጡሯን ግን አላገኘኋትም።

የመጠጡ ጉዳይ ቀድሞ ተጻፈ። በ1968 እ.ኤ.አ. ፖል ለምዋን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ከጠጪ ወላጆች ስለተወለዱ 127 ልጆች ጻፈ፤ ሰሚ አላገኘም። ከአምስት ዓመት በኋላ በአሜሪካ ሲያትል ኬኔት ጆንስና ዴቪድ ስሚዝ ለጉዳቱ ስም አወጡለት። የአልኮል ጉዳት በፅንሱ አንጎል ላይ እንደሚደርስ ዛሬ አያከራክርም። ስለ ጫት የተጻፈው ያንሳል፤ ሆኖም በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በየመን የተደረገ ጥናት የቃሚ እናቶች ሕፃናት ክብደታቸው አንሶ እንደሚወለዱ አሳይቷል። ሁለቱን ለያይቶ ማየት ለአጥኚ ይመቻል፤ ጨብሲ ባለበት ከተማ ግን አንዲት ሴት ሁለቱንም በአንድ ቀን ታገኛቸዋለች።

እናቶችን ለመክሰስ አልመጣሁም። ከተማው ሁሉ በሚኖርበት ንግድ እርሷን ብቻ ለይቶ መውቀስ ፍርድ ማጉደል ነው፤ ጉዳቱም የባሰ ነው፤ የተወቀሰች ሴት ለነፍሰ ጡር ክትትል ስትሄድ ትደብቃለች፣ ወይም ጨርሶ አትሄድም።

ለተወለደውስ? የአንጎል ጉዳቱን የሚሽር መድኃኒት የለም። ይሁን እንጂ በሲያትል አን ስትራይስጉዝ ለዓመታት የተከታተለቻቸው ሰዎች ታሪክ ተስፋ ይሰጣል፤ ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው ችግራቸው የታወቀላቸውና በተረጋጋ ቤት ያደጉት ኋላ ከሕግ ጋር መጋጨታቸውም ከትምህርት መባረራቸውም ቀንሷል። መምህሩ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይዘዝ፤ በቃል ሳይሆን በእጁ ያሳይ፤ የቀኑን ሥርዓት አይለዋውጥ፤ ልጁን ከበሩና ከጫጫታው አርቆ ያስቀምጥ። ዱላው ይቅር፤ መርሳት እምቢታ አይደለም።

ያ ልጅ ትምህርቱን አቋርጦ ቀፊራ ገበያ ተሸካሚ ሆነ። እዚያ አንድ አዛውንት የቅመም ነጋዴ ነበሩ፤ ስለ ለምዋንም ስለ ስትራይስጉዝም የሰሙ አይመስለኝም። ሌሎቹ አምስት ነገር በአንድ ትንፋሽ አዘውት ሲሳሳት ሲያባርሩት፣ እርሳቸው ጆንያውን በጣታቸው ነክተው «ይህን ብቻ አድርስ፤ ስትመለስ ሌላውን እነግርሃለሁ» ይሉታል። ለእርሳቸው ዕቃ ጠፍቶበት አያውቅም። ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።