የአንድ ደመወዝ አፍ ስንት ነው?

ከወላጅ አንዱ ቤት ውሎ ልጅ ማሳደግ ይችላል ወይ? ስንባል መልሱን ከባልና ሚስት ቁጠባ እንፈልጋለን። አውስትራሊያ ግን በአንድ ወቅት ፍርድ ቤት አቅርባዋለች።

እ.ኤ.አ. በ1907 ዳኛ ሄንሪ ሂጊንስ፣ ሜልበርን ዳር ሰንሻይን ስለሚገኝ የእርሻ መሣሪያ ፋብሪካ ሲፈርዱ የሠራተኛ ሚስቶችን የአስቤዛ ሂሳብ አዳመጡ። ሙያ የሌለው ሠራተኛ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ለማኖር በቀን 7 ሺሊንግ ያስፈልገዋል አሉ። ፍርዱ በዓመቱ ቢሻርም ስሌቱ ለአሥርተ ዓመታት የደመወዝ መለኪያ ሆነ።

ዕዳው ለሠራተኛ ሴቶች ተረፈ። ቤተሰብ አያስተዳድሩም ተብለው የብዙዎቹ ደመወዝ ከወንዱ ግማሽ ብዙም ፈቀቅ አላለም፤ ባሏ ሞቶባት ልጆቿን የምታሳድገውም በዚያው ተመን ታየች። ዋጋው እኩል ለሆነ ሥራ እኩል ክፍያ የተፈረደው በ1972 ነው።

እኩልነቱ ሲመጣ ግን ደመወዙ የሚቆጥረው ሠራተኛውን ብቻ ሆነ፤ ልጁ ከሂሳቡ ወጣ። ዛሬ ከሰንሻይን ብዙም በማይርቀው ፉትስክሬይም ሆነ በሌላ የስደት ከተማ፣ አንዱ ከሥራ ሲገባ ሌላው የሚወጣበት የሐበሻ ቤት ብዙ ነው። እንዲህ ያሉትን ባልና ሚስት ስለ ቁጠባ ከመምከራችን በፊት፣ የሂጊንስን ጥያቄ ሚስትን ከባል ሳናሳንስ እንደገና እንጠይቅ፤ አንድ ደመወዝ ስንት ሰው ማኖር አለበት?